ምስጢሩ በቁልፉ እንጂ በመቆለፊያው አይሁን

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኦይስተር በተባለ፣ ገንዘብ እየተሞላ በሚሠራ ካርድ የጉዞ ሒሳባቸውን ሲከፍሉ ኖረዋል። ካርዱ ባትሪ የለውም። የበሩ ማንበቢያ የሚፈጥረው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በካርዱ ውስጥ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ቺፑም በዚያው ኃይል ነቅቶ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሒሳቡን ይቀንሳል። ፋራዴይ በ1831 የደረሰበት ሕግ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ለሚመስላቸው ተማሪዎች ይህን እናስታውሳለን።

ብዕር ያስነሣን ግን በካርዱ ላይ የተመዘገበው ገንዘብ የሚጠበቅበት መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኦይስተር ካርዶችም ሆኑ የኔዘርላንድ የትራንስፖርት ካርድ የሚሠሩት ማይፌር ክላሲክ በተሰኘ ቺፕ ነበር። አምራቹ ቺፑ መረጃን በምስጢር የሚለውጥበትን ስልት ደብቆ ይዞ ነበር። በ2007 መጨረሻ ተመራማሪዎች ቺፑን ንጣፍ በንጣፍ እየፋቁ በማይክሮስኮፕ መርምረው ድብቁን ስልት ማውጣት እንደሚቻል በርሊን ላይ አሳዩ። በ2008 ደግሞ በኔዘርላንድ የራድቦድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ስልቱን ፈቱት። ቁልፉ 48 ቢት ብቻ ነበር፤ ይህም ወደ 281 ትሪሊዮን አማራጭ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ለዘመኑ ኮምፒውተር ግን አይበዛም። ይባስ ብሎ፣ ቺፑ በዘፈቀደ ያወጣል የተባለው ቁጥር ከ65,536 አማራጮች አያልፍም ነበር።

ምሁራኑ ግኝታቸውን አስቀድመው ለመንግሥትና ለአምራቹ ለኤንኤክስፒ አሳወቁ። ኩባንያው ግን ጥናቱ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ቀረበ። የአርንሄም ፍርድ ቤት በጁላይ 2008 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው፤ ጥናቱም በዚያው ዓመት ታተመ።

ማተሙ ሌባን ማስተማር ነው የሚሉ ነበሩ። ካርዱ በሚሊዮኖች እጅ ነበርና ስጋታቸውን አናቃልልም። ነገር ግን ድክመቱን የፈጠሩት ምሁራኑ አይደሉም፤ ዝምታቸውም አይጠግነውም ነበር። ከርኮፍስ ገና በ1883 ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢር ሲጽፍ፣ ስልቱ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ ምስጢሩ ሊጠበቅ እንደሚገባ አስገንዝቧል። በ2001 በአሜሪካ መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ኤኢኤስ የተመረጠው የዓለም ምሁራን ድክመቱን እንዲፈልጉ በተጋበዙበት ግልጽ ውድድር ነው፤ ዛሬም ባንኮች ይተማመኑበታል።

ተሳፋሪው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያስረክበው ለማያየው ስልት ነው። ስለሆነም የሕዝብ ትራንስፖርት ካርድ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ስልቱ ከግዥው በፊት ለገለልተኛ ምሁራን ምርመራ እንዲቀርብ በውሉ ማስገደድ አለበት እንላለን። በዚህ የማይስማማ አምራች ጨረታው ይለፈው።