ግሉኮስ ሲሰቀል ያየነው እና ያላየነው

ታማሚ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ሐኪሙ "ግሉኮስ አያስፈልገውም፣ ይሄን መድኃኒት ስጡት" ብሎ ሲሸኛችሁ ደስ ብሏችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ቤተሰብ "ምንም ሳያደርጉለት መለሱን" እያለ ነው የሚወጣው። በእኛ አነጋገር በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ ነው፤ ካልተሰቀለ ደግሞ ሰው የታከመ አይመስለንም።

እምነቱ የእኛ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የሕክምናው ዓለምም ለዓመታት ተመሳሳይ ነገር ያምን ነበር። ከባድ ትኩሳት ያለው፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ ሕፃን ሲመጣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ስጡት ይላል መመሪያው። አሳማኝ ነው። ግን ማን ፈተነው?

የፈተነው ፊስት የሚባለው ጥናት ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 6 ሆስፒታሎች ውስጥ 3,141 ልጆች በዕጣ በሦስት ተመደቡ። ሁለቱ ቡድኖች ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጣቸው፤ አንዱ ሳላይን፣ አንዱ አልቡሚን። ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚገባውን መደበኛ መጠን ብቻ አገኘ። የወባ መድኃኒቱ፣ አንቲባዮቲኩ፣ ደሙ፣ ሌላው ሁሉ ለሦስቱም እንደየሕመማቸው ተሰጠ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ብዙ ሐኪም ደነገጠ። በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በፍጥነት ከተሰጣቸው ልጆች 10.6 እና 10.5 በመቶው ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶው። ከ100 ልጅ ከ3 በላይ ተጨማሪ ሞት ማለት ነው። ጥናቱን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴም የታሰበው ቁጥር ሳይሞላ አስቆመው።

እኛን በጣም የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ፈሳሹ የተሰጣቸው ልጆች በመጀመሪያው ሰዓት የተሻላቸው ይመስሉ ነበር፤ የደም ዝውውራቸው ቶሎ ተስተካከለ። ሞቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ልብና የደም ዝውውር ሲደክም። እንግዲህ አልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም፣ ለ20 ዓመት ቢሠራም፣ ይሄን በዓይኑ እንዴት ያያል? የሚያየው "ግሉኮሱ አነቃው" የሚለውን ነው። ያለ ዕጣና ያለ ቆጠራ እውነቱ አይወጣም ነበር።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ የቀድሞውን ምክር ይዞ ቀጠለ። ተመራማሪዎቹ በ2014 በቢኤምጄ መጽሔት በግልጽ ተቃወሙ። ድርጅቱ ምክሩን የቀየረው በ2016 ነው፤ አንድ ሁለት ምልክት ብቻ ላሳዩ፣ ሙሉ ሾክ ውስጥ ላልገቡ ልጆች ፈጣን ፈሳሽ ይቅር አለ፤ ሙሉ ሾክ ላይ ላሉት ግን በቀነሰ ፍጥነት አቆየው። ጥናቱ የአፍሪካ ልጆች ላይ ተሠርቶ፣ መመሪያው እስኪስተካከል 5 ዓመት። ለእኛ ይሄ ረጅም ነው።

እኛም አገር የተበታተኑ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ማዕከል ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ግን ወረቀቱ ጤና ጣቢያ ቢደርስም፣ ደጅ ላይ "ስቀሉለት!" እያለ የሚጮህ ቤተሰብ አለ። ነርሷ ብቻዋን ናት።

እንዳትሳሳቱ፦ ተቅማጥና ትውከት አሟጦት የመጣ ልጅ በዚህ ጥናት ውስጥ አልነበረም። እሱ ፈሳሽ በጣም ያስፈልገዋል። መጠጣት ከቻለ ኦአርኤስ፣ ካልቻለ ሳትዘገዩ ጤና ተቋም።