ለሚዋሽ መብራት ፕላስተር አይበቃም

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ጉዳይ ከእራት በኋላ ክርክር አስነሥቷል። ኮምፒዩተር እንዲተኛ ከታዘዘ በኋላ የኪቦርዱ መብራቶች፣ ይኸውም የነምሎክና የካፕስ ሎክ መብራቶች፣ እንደበሩ ያድራሉ። «ይህስ ምን ቁም ነገር ሆኖ በመጽሔታችን ይጻፋል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ቁም ነገር አለው እንላለን።

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ወንድማችን የመመረቂያ ጽሑፉን እንደከፈተ ኮምፒዩተሩን አስተኝቶ ወደ ተረኛነቱ ሄደ። የክፍል ጓደኛው ስክሪኑ ጨልሞ የኪቦርዱ መብራት በርቶ ቢያይ «ማሽኑ ደርቆ ቀርቷል» ብሎ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ አጠፋው። የተኛ ኮምፒዩተር የተጀመረውን ሥራ የሚይዘው በራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉን ይረሳል። ሴቭ ያልተደረገው የሦስት ቀን ድካም ጠፋ። ሁለቱ ወንድሞች ለሳምንት ተኳረፉ። ጽሑፉን ሴቭ ሳያደርግ መሄዱ የመጀመሪያው ስሕተት መሆኑ አይካድም። ሁለተኛውን ስሕተት ያመጣው ግን ነቅቻለሁ እያለ የሚዋሸው መብራት ነው።

አንዳንዶቻችን በመብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ተገላግለናል። እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ መንሥኤውን ሳይመረምሩ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ነውር መሆኑን በየቀኑ እየተማርን፣ በኪቦርዱ ላይ ያንኑ ነውር ፈጽመናል።

መንሥኤው ምንድን ነው? ኪቦርድ እነዚህን መብራቶች በራሱ ፈቃድ አያበራም፤ አብራ፣ አጥፋ የሚለው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ «አጥፋ» ሳይል ከተኛና ለኪቦርዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ካልተቋረጠ፣ መብራቱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ሊያድር ይችላል። ኤሌክትሪኩ የሚቀጥለው ደግሞ ቁልፍ ስንነካ ኮምፒዩተሩ እንዲነቃ ተብሎ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ያረፈ መሣሪያ ከ2.5 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይስብ ይወስናል። ስለዚህ መብራቱ ቦግ ብሎ ማደሩ ጉድለት እንጂ ደንብ አይደለም።

መድኃኒቱም በደረጃ ነው። አንደኛ፣ ከማስተኛታችን በፊት ነምሎክንና ካፕስ ሎክን በእጃችን እናጥፋ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ የምንጠቀም ወገኖች በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ኪቦርዱን ከፍተን ኮምፒዩተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት እናንሣ፤ በአንዳንድ ማሽን ይህ ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በኋላ የምንቀሰቅሰው በማብሪያው ቁልፍ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በባዮስ ውስጥ በእንቅልፍ ጊዜ ለዩኤስቢ ኤሌክትሪክ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ምርጫ ካለ እንመልከት። አራተኛ፣ ሊኑክስ ላይ ያለን ከመተኛቱ በፊት መብራቱን የሚያጠፋ፣ ከነቃ በኋላ የሚመልስ አጭር ስክሪፕት በሲስተምዲ የእንቅልፍ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ እንችላለን።

«አዲስ ኪቦርድ መግዛት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ይህን አንቀበልም። ጉድለቱ ከኮምፒዩተሩ ከሆነ አዲሱም ኪቦርድ እንደ አሮጌው ሲያበራ ያድራል፤ ከስኮላርሺፕ አበላችን የወጣው ገንዘብም በከንቱ ይቀራል።

ይህች ትንሽ መብራት ጤና ታውካለች ብለን አናጋንንም። ነገር ግን ሌሊቱን በዎርድ ቆሞ የተመለሰ ወንድም ወይም እኅት ዓይኑ ሥር መብራት ሳይበራበት መተኛት ይገባዋል። ስለዚህ በየክፍሉ ያሉት ማሽኖች በመጪው የዕረፍት ቀን አንድ በአንድ ይታዩ፤ የሠራው መፍትሔ ከማሽኑ ዓይነት ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ መፍትሔው እስኪገኝም በተኛ ኮምፒዩተር ላይ «ተኝቷል፣ አታጥፉ» የሚል ወረቀት ይቀመጥ። የሁለቱ ወንድሞቻችን ኩርፊያ በሌላ ክፍል እንዳይደገም ይህን ያህል ድካም አይበዛብንም።