ሰማንያው ላይ ምን ይጻፍ?

«ጋሼ፣ ሰማንያውን እርስዎ ይጻፉልን» ብላ የእህቴ ልጅ ከወልድያ ስትደውልልኝ መልሴ አጭር ነበር። «ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሂዱና ቅጹን ግዙ፤ ስም መሙላት ብቻ ነው» አልኳት። ይህን ዕድሜዬን ከሕግ ጋር ኖሬ እንዲህ ማለቴ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስህተቴ የገባኝ ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ወልድያ ሄጄ ቅጹን ባየሁ ጊዜ ነው።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ፊደሉ ደብዝዟል። መሐሉ ላይ «ከጋብቻው በፊት ያለንም ሆነ ወደፊት የምናፈራው ንብረት ሁሉ እኩል የጋራችን ነው» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ «ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የምትለዋ የተለመደች ማሳረጊያ አለች። የቤት ሽያጭ ይሁን የበሬ ሽያጭ፣ ራፖር ጸሐፊዎቻችን ያችን ቁጥር ሳይጠቅሱ ብዕራቸውን አያስቀምጡም።

ሙሽራዋ ነርስ ናት። ከደመወዟ ቆጥባ፣ ዕቁብም ጥላ አንዲት ባጃጅ ገዝታለች፤ እናቷን የምትጦረው በባጃጇ ገቢ ነው። ሙሽራው የመርሳ ልጅ ሲሆን መምህር ነው፤ ከአያቱ በውርስ ያገኛት ቤት አለችው። ያችን ዓረፍተ ነገር አንብበዋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እኩል ማለት ጥሩ ነገር አይደል ጋሼ?» አለኝ ሙሽራው።

እርግጥ ነው፣ እኩልነት ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ቃሉ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ሆኖ እንደሚቀር ይደነግጋል። ወልድያ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) በዚህ ጉዳይ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ልጆቹ ምንም ባይጽፉ ኖሮ ባጃጇ የእሷ፣ ቤቷም የእሱ ሆነው ይቀጥሉ ነበር። ያች ደብዛዛ መስመር ግን የቤቷን ግማሽ ለእሷ፣ የባጃጇን ግማሽ ለእሱ ትሰጣለች። ፈቅደውና አውቀው ቢያደርጉት መብታቸው ነው፤ እነሱ ግን ማድረጋቸውን እንኳ አላወቁም።

«እኩል» የሚለው ቃል ከየት መጣ? አባቶቻችን ቁርባን፣ ሰማንያና ደሞዝ የሚሏቸው የጋብቻ ዓይነቶች ነበሯቸው። በሰማንያው የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው የሚሰጠውን ከብት፣ እህልና ገንዘብ በምስክር ፊት ይቆጥሩ ነበር። የአንዱ ወገን ስጦታ ከሌላው ጋር እንዲመጣጠን ክርክሩ ረጅም ነበር። «እኩል» የተባለው ከዚያ ቆጠራ በኋላ ነው። የዛሬው ቅጽ ቃሉን ወርሶ ቆጠራውን ጣለው ለማለት እደፍራለሁ።

ቆጠራውን እንመልሰው ስል የተቃወሙኝ የሙሽራው አባት ናቸው። «ገና ሳይጋቡ ፍቺያቸውን ይጽፋሉ እንዴ?» አሉኝ። ቅሬታቸው ተራ አይደለም፤ ብዙዎቻችን በልባችን የምንለው ነው። ሆኖም ጋብቻን እጅግ የሚያከብሩ ሃይማኖቶች ከዚህ ንግግር አልሸሹም። ወሎ ውስጥ ኒካህ ሲታሰር መህር ይጠቀሳል፤ አሁን የሚከፈለውና ለወደፊት የሚቆየውም ሊለይ ይችላል። አይሁዳውያን ደግሞ «ኬቱባ» የሚሉት በአራማይስጥ የሚጻፍ የጋብቻ ውል አላቸው። ባል ቢፈታት ወይም ቢሞትባት ሚስት የምታገኘው ገንዘብ በውሉ ይቆረጣል፤ በጥንቱ ልክ ለድንግል 200 ዙዝ፣ ለመበለት 100 ዙዝ ነው። ይህ የሚነበበው በሰርጉ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በእንግዶች ፊት ነው። ባልየው ሚስቱን በቁጣ ተነሥቶ እንዳያባርር ልጓም እንዲሆን ታስቦ የተደነገገ ነው።

የቃላት ምርጫው እዚያም አላበቃም። በአይሁድ ሕግ ባል የፍቺ ጽሕፈት አልሰጥም ካለ ሚስት ሌላ ማግባት አትችልም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ረቢ ሳውል ሊበርማን ለኬቱባው አንድ ሐረግ ጨመሩ፤ ተጋቢዎቹ አለመግባባት ሲፈጠር በሃይማኖቱ ዳኞች ፊት ለመቅረብ አስቀድመው ይስማማሉ። ሁሉም ወገን አልተቀበለውም። የታሰበው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የአንዲት ሴት ዕድሜ ታስሮ እንዳይቀር ነው።

ይህን ለሽማግሌው ካስረዳሁ በኋላ ወደ ሥራችን ገባን። ንብረቱን በስሙ ጠራን፤ ባጃጇን በሰሌዳ ቁጥሯ፣ ቤቷን በካርታዋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባጃጇ የግል ብትሆንም ከጋብቻ በኋላ የምታስገባው ገንዘብ በሕጉ የጋራ ነው። ስለዚህ የእናትየው ጡረታ ከዚያ ገቢ በየወሩ እንደሚቀጥል ለብቻው ጻፍነው። ነገ ባጃጇ ተሽጣ በገንዘቡ ሌላ መኪና ቢገዛ ደግሞ አዲሱ ንብረት የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት እንዲያ ብሎ ሲወስን ነው። አለዚያ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

ከአባትየው የእርሻ ይዞታ ለሙሽራው ሊሰጥ የታሰበ ቁራሽ መሬትም ነበር። ረቂቁ ላይ «መሬቱ የእኔ ንብረት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚል «በመሬቱ የመጠቀም መብት» ብለን አረምነው፤ መብቱ የሚተላለፈውም በገጠር መሬት ሕጉ መሠረት እንደሆነ ጨመርን።

ትልቁ ክርክር ግን የተነሣው በአንድ ግሥ ላይ ነው። ልጅቱ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። ረቂቁ «ባል ሚስቱ እንድትማር ፈቅዶላታል» ይል ነበር። የፈቀደ ነገ ሊከለክል ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን እኩል መብት አላቸው ካለ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ የነበረው ባል በጓሮ በር ተመልሶ መግባት የለበትም። «ሚስት ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ወጪው ከጋራ ገቢ ይሸፈናል» ብለን ጻፍን። ሙሽራው ሁለቱን ደጋግሞ አነበበና «የኋለኛው ይሻላል» አለ። በዚያች ቅጽበት ለልጄ ያለኝ ስጋት ቀነሰ።

«ፍቺ የጠየቀ ወገን ባዶ እጁን ይወጣል» የሚል ሐረግም ከዘመድ ቀርቦልን ነበር፤ አወጣነው። የሕጉን አስገዳጅ ድንጋጌ የሚጥስ የውል ቃል አይጸናም፤ በእኔ እምነት ይህም ከዚያው ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ተደብድቦ የሚወጣውን ወገን ነው።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከባል ሁለት፣ ከሚስት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች ፈረሙበት። ቅጂውን በሚመለከተው የመንግሥት መዝገብ ማስቀመጥ፣ አንዱንም ከከተማው ውጪ ካለ ዘመድ ዘንድ ማኖር ይበጃል። ወልድያ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትቆይ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፤ ሳጥን ውስጥ ያለች አንዲት ወረቀት ምን ያህል ዋስትና እንደሆነች የከተማው ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ጋብቻን ሰው በፍቅር ይገባበታል፤ የውሉን ቃል የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ ዳኛ ነው፣ ያውም ፍቅሩ ካለቀ በኋላ። ስለዚህ ቃሉ ሁለቱ ሲዋደዱ፣ አንዱ ለሌላው ሲያስብ መመረጥ አለበት። ቅጹን የምታባዙ ወገኖቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ያችን የንብረት መስመር ባዶ ተዉአት። ባዶ ቦታ ያየ ሙሽራ ቢያንስ ምን ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል።

ቸር ይግጠመን።