ዶሮም ደረቅ ቤት ይገባታል

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የደጋ ሰው ብርድን በምን እንደሚቋቋም ያስታውሰናል። ሰው ለራሱ እንዲህ ሲያስብ በጓሮው የሚጭሩትን ዶሮዎች ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋቸዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የክረምቱ ዝናብና ጭጋግ ሲያባራ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይተካል። በእነዚህ ወራት ዶሮዎች ይታመማሉ፤ እንቁላልም ይቀንሳል። እንቁላል ሸጣ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር የምትገዛ እናት ጉዳቱን ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙዎች ዶሮዎቹን ማታ ወደ መኖሪያ ቤት አስገብተው ያሳድሯቸዋል። ሌሎች ደግሞ የዶሮውን ቤት ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይደፍናሉ። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት በቅን ልቡና ነው፤ ሸለምጥማጥና ሌባ መኖራቸውም አይካድም። በእኔ አስተያየት ግን ያደገችን ዶሮ ከብርዱ ይበልጥ የሚጎዷት እርጥበትና የታፈነ አየር ናቸው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሌሊት ላባዋን ነፋ አድርጋ በመካከሉ የሞቀ አየር ትይዛለች፤ ቆጥ ላይ ስትሰፍርም እግሮቿን በላባዋ ትሸፍናለች። ላባዋ የተፈጥሮ ጋቢዋ ነው፤ ጋቢ ግን ከረጠበ አያሞቅም። በታፈነ ቤት ከትንፋሽና ከኩስ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ያጣል፤ ከኩሱ የሚነሣው አሞኒያም ዐይንንና ሳንባን ይጎዳል። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር ሲያድሩ ይህንኑ አየር ልጆችም ይተነፍሱታል።

ስለዚህ ለዶሮዎች የራሳቸው ቤት ይሠራላቸው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ጣሪያው አያፍስስ፤ በሩም ከነፋስ አቅጣጫ ይዙር። የአየር መውጫው ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ሆኖ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ለአምስት ዶሮዎች አንድ ሜትር ያህል ቆጥ ይበቃል። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ይጎዝጎዝ፤ ሲረጥብ ይለወጥ። በአንድ ጥግ የሚቀመጥ ደረቅ አመድም ዶሮዎቹ እየተንከባለሉበት ቅንቅን እንዲያራግፉ ይረዳቸዋል። ጫጩቶች ግን ላባ እስኪያወጡ ድረስ የእናታቸው ሙቀት ያስፈልጋቸዋል።

በአውሮፓ ዶሮዎች በብርድ ወራት እንቁላል የሚያቆሙት በአብዛኛው ቀኑ ስለሚያጥር ነው። የአገራችን ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ በእርሱ ማሳበብ አንችልም። ብርድ የምትቋቋም ዶሮ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ዶሮዎቹ ከመስፈራቸው በፊት የሚበተንላቸው እፍኝ ጥሬ ሌሊቱን ያሻግራቸዋል።

በእርግጥ ቤት ብቻውን ፈንግልን አይከላከልም። ለዚህ በየጊዜው የሚሰጥ ክትባት ያስፈልጋል፤ ከገበያ የመጣች ዶሮም ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቆይ።

«ድኻ ለዶሮ ቤት ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን እንጨቱም፣ ጭቃውም፣ ጭዱም በአብዛኛው ከመንደር አይጠፉም። በአንድ ክረምት የሚያልቁ ዶሮዎች ዋጋ ከዚህ ሁሉ ድካም ይበልጣል። ዶሮ ደብተር የምትገዛልን ከሆነ፣ ደረቅ ማደሪያ ልንነፍጋት አይገባም።