ከበረሃው በኋላ የመጣው ፈተና

መከራ እምነትን እንደ ወርቅ ያጠራል ይባላል። ይሁን፤ ግን እሳቱ የበላውም አለ። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እየሩሳሌምን ሳያዩ ቀርተዋል። ወላጁን ወይ ልጁን እዚያ ለቀበረ ሰው «መከራው ጠቀመህ» ማለት ነውር ነው፤ እኔ አልለውም።

የማየው ሌላ ነገር ነው። በአገር ቤት ሰንበትን መንደሩ ሁሉ ይጠብቃል፤ ቄሶቹ አሉ፣ ጎረቤት ያያል። ኡም ራኩባ ላይ ግን አይሁድነቱን ደብቆ፣ በረሃብና በበሽታ መሃል ሰንበትን የጠበቀ ሰው ለማን ይታይ ብሎ ነው? ከአባቱ የወረሰው እምነት እዚያ የራሱ ሆነ።

ደግሞ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፈተናው አላበቃም። የሙሴ ዘመቻ በጃንዋሪ 1985 ቆመ። ያን ሁሉ አልፎ የመጣው ሕዝብ ለመጋባት «መጀመሪያ ሚቅቬ ግቡ» ተባለ፤ አይሁድነቱ ተጠረጠረ ማለት ነው። ለእኔ ይሄ ከሽፍታው ይብሳል፤ ሽፍታ የፈለገው ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት በበዓላቱ ሰሞን ወገኖቻችን እየሩሳሌም ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ተቆጡ እንጂ ኦሪትን አልጣሉም።

ልጆቻችን የበረሃውን ታሪክ በመታሰቢያው ቀን ከሄርዝል ተራራ ይሰማሉ። ይሄኛውን ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?