ከሹፌሩ በፊት ነዳጁ ይለካ

በአራቱም ጎማ የሚነዳ የቤተሰብ መኪና በሰፈራችን እየበዛ ነው። ዳገታችንንና የክረምቱን ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ምርጫው አያስገርምም። ነገር ግን መኪናው ግቢ በገባ በወሩ አንድ ጭቅጭቅ ተከትሎት ይገባል፤ «በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል ተብሎ የተገዛ መኪና ምነው ቤንዚን ጠጪ ሆነ?» የሚል። ነገሩ በመኪናው ላይ ቢቀር ባልከፋ። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ግን በሹፌሩ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በወረቀት ላይ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል የተባለ መኪና ከተማ ውስጥ 8 ብቻ ቢሄድ፣ ለ400 ኪሎ ሜትር በ32 ሊትር ፈንታ 50 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ 18 ሊትር ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ባለመኪናው በሐሳቡ የሚታየውም ያው ጀሪካን ነው። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ጥርጣሬው ባሰ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እውነት ነው። ሳይለኩ መጠርጠር ግን የሰው እንጀራ ያስቆርጣል።

በመጀመሪያ የወረቀቱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። አውሮፓ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ አዳዲስ ሞዴሎችን ስትለካ የኖረችው መንገድ ላይ ሳይሆን በቤተ ሙከራ፣ ጎማው በከበሮ ላይ እየተሽከረከረ ነበር። ሙከራው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ዳገት የለውም፤ አየር ማቀዝቀዣም አይከፈትም። ከዚያ ወዲህ የመጣው አለካክ ወደ እውነቱ ቢጠጋም የኛን ሰፈር አቀበት አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ዘንግና የኋላው ዲፈረንሻል ክብደት ይጨምራሉ፤ ሲዞሩም በፍትጊያ ኃይል ይበላሉ። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ አቅም ያንሰዋል፤ አቀበት ላይ ማርሽ ቀንሶ መርገጥ ግድ ይሆናል። አራተኛ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ለመመለስ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሞተሩ ሳይሞቅ ይቆማል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ያባክናል። ሰልፍ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪናስ? እሱ በሊትር የሚሄደው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ይለካ! በአንድ ማደያ፣ ፓምፑ ራሱ እስኪያቆም ድረስ ታንከሩ ይሞላ፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፍ። መኪናው እንደ ልማዱ ሠርቶ ሲመለስ እዚያው ማደያ እንደገና ይሞላ። የተሄደው ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ይካፈል። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ሦስት ጊዜ ይደገም። ባለመኪናውና ሹፌሩ አብረው ቢያዩትማ ጭቅጭቁ ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ውጤቱ አሁንም ዝቅ ካለ መኪናው ይመርመር። የጎማው ንፋስ በሹፌሩ በር አጠገብ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ይመሳከር። አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ ይሁኑ፤ ሁለቱን አዲስ ሁለቱን ያለቀ ማድረግ እንዲህ ላለው መኪና ጉዳት ነው። ፍሬን ይዞ የቀረ ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላም ይታይ። የአራት ጎማው ኃይል በማርሽ የሚገባለት መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ማርሹ ይውጣለት።

ስርቆት ጨርሶ የለም አንልም። መንገዱም ሥራውም ሳይለወጥ ሒሳቡ ከወር ወር ከተዛባ፣ ያን ጊዜ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው። በእጁ የተጻፈ ማስረጃ አለውና።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩ እንላለን። ደብተሩ ብርን ያድናል፤ ከብርም በላይ የሰው ስም ያድናል።