ሰኞ ማክሰኞ በ28 ቤት

በስም መጥሪያችን ላይ ለዓመታት አንድ ነገር እያየን አልፈናል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንዳንድ ሴት ልጆች በየወሩ አንድ ሁለት ቀን ይቀራሉ። ስንጠይቃቸው «ሆዴን አሞኝ ነው» ይላሉ፤ እኛም «እግዜር ይማርሽ» ብለን እናልፋለን። ምክንያቱ ሳይገባን ቀርቶ አይደለም፤ ለመናገር አፍረን ነው።

ዘንድሮ ስለ ወር አበባና ስለ ደም ማነስ የሚያስተምር ጨዋታ ይኑረን ስንል መጀመሪያ የሠራነው እኛ መምህራኑ ነን። ካርድ ቆርጠን ጥያቄ ጻፍን፣ ነጥብ ሰጠን። ልጆቹ ሁለት ጊዜ ተጫውተው ተዉት። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ይሄኮ ፈተና ነው» አለችን። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ጨዋታ ሥራ ቢሉት ፈተና ያወጣል።

ሥራውን ለሴት ተማሪዎች ክበብ ለቀቅን። እነርሱ የመረጡት በጠመኔ የሚሣለውን ሰኞ ማክሰኞን ነው። 28 ቤት፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን። አምስቱ ቤቶች ቀይ ናቸው፤ እዚያ የደረሰችውን ልጅ ጓደኛዋ ሞዴስ ካላቀበለቻት አታልፍም። «ሻይ» የተጻፈበት ቤት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ሰውነት በምስርና በሱኩማ ውስጥ ያለውን ብረት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋልና። «ሎሚ» ግን ወደ ፊት ያስዘልላል። ከሁሉ የወደድነው የቤቶቹ ቁጥር የማይጸና መሆኑን ነው፤ አንድ ቀን 21፣ ሌላ ቀን 45 ይሣላል። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ዑደት ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል፤ በ28ኛው ቀን አልመጣም ብላ እንቅልፍ የምታጣ ልጅ ይህን ማወቅ አለባት።

በቁጥር 10 ላይ መርፌ ተሥሏል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ጀምራለች። ሆኖም ስለ ክትባቱ ከላክናቸው ደብዳቤዎች ሳይፈረሙ የተመለሱ አሉ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጄን የላክኋት ለትምህርት ነው እንጂ ለዚህ አይደለም» ያሉን አባት ነበሩ። ሥጋታቸውን አናቃልልም፤ እኛም ቤታችን ሳይነገረን ያደግን ነን። ግን ልጅቷ ከእኛ ካልሰማች ከስልክ ትሰማለች፤ ስልኩ ደግሞ አያፍርም፣ አያጣራምም። ወንዶቹንም በጨዋታው ሰዓት ወደ ኳስ ሜዳ መስደዳችን ስሕተት ነበር። በተበላሸ ቀሚስ የሚሳለቁት እነርሱ ከሆኑ መጫወት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።

ከቤቶቹ አንዱ «መጸዳጃ ቤት» ይላል። እዚያ የደረሰች ሁሉ አንድ ዙር ትቀጣለች። ለምን ብንላቸው «በሩ መቀርቀሪያ የለውማ!» አሉን። ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለቱን በሮች አሠርተናል። ሦስተኛው በርና የውሃ ታንከሩ ይቀራሉ። ልጆቹም ቅጣቱን እስካሁን አላነሡም።